ሮክ በ40 ዓመት ይቆማል እንዴ? አምፑን ልሽጠው ወይስ ልታገስ

ዲምቱ ሪፍ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ኤሌክትሪክ ጊታር ከኮሌጅ ጀምሮ እጫወታለሁ፣ አራት ሆነን ባንድ ነገር ነበረን፣ ሮክ ነው የምንጫወተው ግን ገንዘብ ሲያስፈልግ የሰርግ ዘፈንም አንጠላም ነበር። አሁን ቤዝ የሚጫወተው ልጅ ካናዳ ገባ፣ ድራመራችን አግብቶ ሱቅ ከፍቶ ስደውልለት ስለ ዘይት ዋጋ ነው የሚያወራኝ፣ ዘፋኛችን ደግሞ ዘማሪ ሆነ (አልቀየምኩትም፣ እንደውም ድምፁ ተሻሽሏል)። እኔ ከአምፑ (ከጊታሩ ድምፅ ማጉያ) ጋር ቀረሁ በቃ። ዘንድሮ 40 ልደፍን ነው።

ይሄን ነገር ማሰብ የጀመርኩት በ2017 ዓ.ም. ነው። ሰኔ 28 የብላክ ሳባዝ ባንድ ዘፋኙ ኦዚ ኦዝበርን ተወልዶ ባደገበት በርሚንግሃም ቪላ ፓርክ ስታዲየም የመጨረሻ ኮንሰርቱን ሲያቀርብ ቪዲዮውን አየሁት። ፓርኪንሰን ስላለበት መቆም አይችልም፣ ዙፋን የመሰለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የዘፈነው፣ እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ ወንበሩ ላይ ዘሎ ሊነሳ የሚፈልግ ነው የሚመስለው። ሐምሌ 15 ደግሞ መሞቱን ሰማን። እዛው ዓመት ጥር ላይ እኛ ጋ ማህሙድ አህመድ ከ80 አልፎ ሚሊኒየም አዳራሽ ተሰናብቷል። ሁለቱንም አንድ ዓመት ውስጥ ሳይ እነዚህ ሰዎች ምን ብለው ነው እስከዚህ የቆዩት አልኩ። እኔ በ40 ዓመቴ እንኳን ሴቷ አማቴ እንግዳ ፊት «ይሄን ነገር አሁንም አልተውከውም?» ትለኛለች፣ ከስር ያሉት ሰውዬ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሳቸውን ይደበድባሉ፣ ሰፈር ውስጥ አንድ ልጅ ደግሞ አምፑን ልግዛህ እያለ ይጨቀጭቀኛል፣ ዋጋውም መጥፎ አይደለም።

ጥያቄዬ ለረጅም ጊዜ የተጫወታችሁ ካላችሁ ነው። ዕድሜ ሲመጣ ነገሩ እንዴት ነው የሚሆነው? ይቀራል? ይለወጣል? ወይስ የሚያጃጅል የጉርምስና ነገር ነው? ምክር ሳይሆን የሆናችሁትን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ኮተቤ ልጅ፦

ሽጠው ወንድሜ፣ በጤፍ ለውጠው፣ አማትህም ጎረቤትህም ይመርቁሃል ሃሃሃ። የምሬን ግን ሮክ መጀመሪያም የኛ ነገር አይደለም፣ ፈረንጅ ስታዲየም ሞልቶ ነው የሚሰናበተው አንተ ማንን ነው የምትሰናበተው? የብሎኩን ጥበቃ?

ቤዝ ብቻ፦

ኮተቤ ልጅ አንተ ደግሞ ሁሌ እንደዚህ ነህ። «የኛ አይደለም» ከማለትህ በፊት ጊታር ያለው ጓደኛህ ጋ ሂድና ላ ዶ ሬ ሚ ሶል ብለህ አስመታው። ባቲ ማይነር ቅኝት ይሉታል የኛዎቹ። አሁን ደግሞ ሮክ ጊታር መማር የጀመረ ልጅ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የሚለማመደውን ማይነር ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ኖታ ስኬል) አስመታው፣ አምስቱም ኖታ ያው ነው። ትዝታ ሜጀርም እንደዛው ከሜጀር ፔንታቶኒክ ጋር አንድ ነው። አካሄዱ፣ ጌጡ፣ የት ላይ እንደምታርፍ ይለያያል እንጂ ሮክ ሲሰማ የኛ ሰው ጆሮ የማይደነግጠው ለዛ ነው። ጃኖ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ አድርጎለት በ2012 እንደ ፈረንጅ ሲያወጣ ብዙ ሰው «ሮክ ነው እንዴ ባህል ነው» ብሎ ግራ የተጋባው እኮ ሁለቱም ስለሆነ ነው። ከዛም በፊት ሮሃ ባንድ ላይ የሰላም ስዩምን ጊታርና የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ለይተህ ስማ፣ ካሴት ላይ ስለሆነና ዘፋኙ ስለሚሸፍነው ነው እንጂ ያ ሰውዬ ጊታር ምን እንደሚያደርግ ታያለህ።

ወደ ጥያቄው ስመጣ፣ ዲምቱ፣ ስለ ዕድሜ እኔም ካንተ አልበልጥም አላውቅም። ስለ ሰውነት ግን አንድ ነገር ልበል። ብላክ ሳባዝን ብላክ ሳባዝ ያደረገው ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ የብረት ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆርጦበታል፣ ያውም የፍሬቱን ክር የሚጫንበት እጁ ላይ። በቃህ አትጫወትም አሉት። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቱ ቆብ ሠራ፣ ላዩ ላይ ቆዳ ለጠፈበት፣ ቀጫጭን ክር አሰረ፣ በኋላ ደግሞ ክሩ ላልቶ እንዲቀለው ቅኝቱን ወደ ታች አወረደው። ያ ከባድ፣ ወፍራም ድምፅ የመጣው እንግዲህ በከፊል ከዛ ጉዳት ነው። ቪላ ፓርክ ላይ ኦዚ ተቀምጦ ሲዘፍን ጎኑ ቆሞ የነበረው እሱ ነው። ስለዚህ የ40 ዓመት ጤነኛ ሰው ዕድሜዬ ምናምን ሲለኝ ትንሽ ይደብረኛል ይቅርታ።

ለጎረቤትህ ደግሞ በጆሮ ማዳመጫ የሚሠራ ትንሽ የልምምድ አምፕ ፈልግ። ትልቁን አትሽጠው።

ሽማግሌው ከሰበታ፦

እንደምን አላችሁ ልጆች። ይሄን የላከልኝ የእህቴ ልጅ ነው፣ ስልክ ላይ መጻፍ ስለሚያደክመኝ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ከተሳሳትኩ እለፉኝ። ሰበታ ነው ያለሁት፣ ዕድሜዬ 70ን አልፏል፣ ጊታር የጀመርኩት በጃንሆይ ጊዜ ተማሪ እያለሁ ነው፣ የፒስ ኮር አስተማሪያችን እንጨት ጊታር ነበረው፣ እሱ ክፍል ውስጥ ሲገባ ከቦርሳው በፊት ጊታሩን ነው የምናየው። ሮክ የሚባለውን ግን ያስተማሩን አስመራ ያደጉ ጓደኞቻችን ናቸው፣ እነሱ ቃኘው ከነበረው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ሬዲዮ ሲሰሙ ነው ያደጉት፣ እኛ ገና ቼቼ ስንማር እነሱ የአሜሪካዊውን ጊታሪስት የጂሚ ሄንድሪክስን አካሄድ በአፋቸው ይዘምሩልን ነበር። ፀጉራችንን አፍሮ አድርገን፣ ቤልቦተም ለብሰን፣ አባቴ ለሦስት ወር አላናገሩኝም።

አሁን ልጁ የጠየቀው ዕድሜ ሲመጣ ምን ይሆናል ነው። እኔ የማውቀውን ልንገርህ።

ደርግ ከመጣ በኋላ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ሆቴል የገባ ሰው ሰዓቱ ካለፈበት እስኪነጋ አይወጣም፣ እኛም አንወጣም፣ ሙዚቀኛው ጨፋሪው አስተናጋጁ ሁሉም አንድ ላይ ተቆልፎበት ያድራል። እናንተ ይሄን ስትሰሙ የፈንጠዝያ ይመስላችኋል፣ ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ደግሞ ውጭ ተኩስ እየተሰማ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዘፋኞቹ ደክሟቸው ወንበር ላይ ያንቀላፋሉ፣ እኛ ግን ማቆም አንችልም፣ ካቆምን ሰው ይነሳና ይረብሻል። ስለዚህ ያለ ዘፈን በመሣሪያ ብቻ እንጫወታለን። በዛ ሰዓት ሳሎኑን እዩልኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ራሱን ደፍቶ የተኛ አለ፣ የሴቶቹ ጫማ ወልቆ ወንበር ስር ተደርድሯል፣ አንድ ባልና ሚስት ብቻ መሀል ላይ ቆመው ይወዛወዛሉ፣ መጨፈርም አይባልም ተደጋግፈው መቆም ነው። ምሽት 3 ሰዓት ላይ የምናደርገውን ጩኸት እዚያ ብታመጣው ጠርሙስ ነው የሚወረወርብህ። ድምፁን ቀነስኩት፣ ከአስር ኖታ ሰባቱን ተውኩት፣ የቀሩትን ሦስቱን ደግሞ በደንብ ማስጮህ ነበረብኝ። ጊታር የተማርኩት ያን ጊዜ ነው። ከዛ በፊት ፍጥነት ነበረኝ እንጂ ጨዋታ አልነበረኝም።

በመሣሪያ ብቻ መጫወት ሌላም ጥቅም ነበረው፣ ግጥም የለውማ፣ ሳንሱር ምኑን ይይዘዋል? ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 በመሣሪያ ብቻ የተቀዳ ሸክላ ሲያወጡ እኛ ሁላችንም ቀናን። ሂልተን ነበር የሚጫወቱት፣ መሣሪያቸውም ከኛ የተሻለ ነበር። እኛ የምንሠራበት ሆቴል (ስሙ ይቅር፣ የሁለት ወር ደሞዜን እስካሁን አልከፈለኝም) አምፑ አንድ ነው፣ ጊታርና ኪቦርድ ተጋርተን እንሰካበታለን። የጊታር ክርም ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላመጣልህ የለም። ያረጀውን ፈትተን ውሃ ውስጥ ቀቅለን፣ የላቡን እድፍ አውጥተን፣ አድርቀን መልሰን እናስራለን፣ ለሁለት ለሦስት ምሽት ጥሩ ይጮሃል ከዛ ይበጠሳል። ሚስቴ አዲስ ሙሽራ ሆና ድስቷ ውስጥ ሽቦ ስታገኝ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ሰው ሁሉ ሰዓት እላፊ ባንዶችን ገደለ ሲል እሰማለሁ። አልስማማም። ሰዓት እላፊው እንደውም አብሮ አቆየን። የበተነን መጀመሪያ ስደት ነው፣ አንድ ባንድ ለሥራ ውጭ ሄዶ ግማሹ ይቀራል፣ የተመለሰው ግማሽ ባንድ አይሆንም። የተረፈውን የጨረሰው ደግሞ ኪቦርድ ነው። ከበሮውን፣ ቤዙን፣ ነፋሱን ሁሉ በአንድ ሳጥን ውስጥ የሞላ ዕቃ መጣ፣ ባለ ሆቴሉ ስምንት ሰው ከሚከፍል ለአንድ ሰው ይከፍላል፣ ሰርግ ጠሪውም እንደዚያው። እነ ሳክስ እነ ትሮምፔት ቤታቸው ገቡ። ጎበዝ ትሮምፔት ነፊ ጓደኛዬ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ነው ያረጀው።

ስለዚህ ልጄ፣ አንተ ስለ ስንብት ኮንሰርት ስታወራ እኔ የኛ ዘመን ሰዎች ናቸው ትዝ የሚሉኝ። አብዛኞቹ አልተሰናበቱም። አንድ ቀን ድንኳን ውስጥ ሰርግ ላይ ተጫውተው፣ ጥሬ ሥጋቸውን በልተው፣ መሣሪያቸውን ጭነው ቤታቸው ሄዱ፣ ያ የመጨረሻቸው እንደሆነ አላወቁም። የኔም እንደዛ ነበር የሚመስለኝ።

ከዛ የኃይሉ መርጊያን ነገር ሰማሁ። የዋልያሱ ኪቦርዲስት። እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዛው ቀረ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ኤርፖርት ላይ ታክሲ ይነዳ ነበር። የታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አስቀምጦ ተራ እስኪደርሰው ድረስ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይለማመዳል። ማንም አልሰማውም፣ ማንም አልጠየቀውም። በ2013 እንደ ፈረንጅ የድሮ ካሴቱ እንደገና ታትሞ ዓለም አወቀውና ተመልሶ መድረክ ላይ ወጣ፣ በ2018 ደግሞ አዲስ አልበም አወጣ። ሰው ይሄን ሲያወራ «ተስፋ አትቁረጥ፣ አንድ ቀን ፈረንጅ ያገኝሃል» ዓይነት ነገር ያደርገዋል። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው፣ ማንም ሳይጠራው ያን ሁሉ ዓመት ኪቦርዱን ከመኪናው አለማውጣቱ። ይሄን ከሰማሁ በኋላ ነው ከቁም ሳጥን ላይ ጊታሬን ያወረድኩት።

አሁን ምን ሆነ ብትለኝ፣ ግራ ጆሮዬ ይጮሃል፣ ድራመሩ ሁልጊዜ በግራዬ ስለነበረ የሲምባሉ ነው። ጠዋት ጠዋት ጣቴ ይገታል፣ ፀሐይ ካላገኘ አይፈታም፣ ሰበታ ደግሞ ብርዱን ታውቁታላችሁ። በጣም ቀጭን ክር ነው የማስረው። ሶሎ ድሮ የምጫወተውን ሩብ አልችልም። ግን አንድ ሰፈራችን ያለ ጡረተኛ አስተማሪ አኮርዲዮን አለው፣ አንድ ልጅ ደግሞ ካሆን (ሳጥን የመሰለ ከበሮ) ይመታል፣ እሑድ ከሰዓት ግቢዬ እንቀመጣለን። ከወጣትነቴ ይልቅ አሁን ደህና እጫወታለሁ ብዬ አስባለሁ፣ ሚስቴ ግን እንደዚያ አላለችም።

አንተ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ችግርህ 40 ዓመቱ አይደለም፣ ብቻህን መሆንህ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ብቻውን ቤት ውስጥ የሚጫወቱት መሣሪያ አይደለም፣ ክራር ቢሆን እሺ። ቤዝና ከበሮ ከሌለው ለጎረቤትም ለራስህም ጩኸት ነው፣ ሰውየው በመጥረጊያ ቢደበድቡ አልፈርድባቸውም። ሰው ፈልግ። ባታገኝ ያኔ ሽጠው።

ድራመሯ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ለገጣፎ ነው የምኖረው፣ ድራም እጫወታለሁ፣ ሴት ሆኜ ድራም ስመታ ሰው ምን እንደሚል እዚህ አልጀምረውም ሌላ ቀን።

በአንድ ነገር ግን አልስማማም ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኪቦርድ ላይ ብዙ ፈረዱ። እኔ ያደግኩት በዛ የኪቦርድ ዘመን ካሴት ነው፣ ሪትም የሚባለውን ነገር መጀመሪያ የሰማሁት ከዛ ሳጥን ነው፣ ቤታችን ያለው ቴፕ ላይ እሱን እየሰማሁ ነው በማንኪያ ድስት መምታት የጀመርኩት። ባለ ሆቴሉ ስስታም ስለሆነ ዕቃው ጥፋተኛ ይሆናል እንዴ? ደግሞ ኪቦርድ ባይመጣ ባንዱን የሚከፍል ሰው ነበረ ወይ በዛ የኑሮ ውድነት?

ሌላው የጆሮዎ ነገር አሳስቦኛል። ሐኪም አይቶት ያውቃል? እኔ አሁን ድራም ከመታሁ በኋላ ጆሮዬ ለግማሽ ቀን ይጮህብኛል፣ ይሄ ነው እንዴ የሚጀምረው?

ቤዝ ብቻ፦

ድራመሯ፣ አዎ እሱ ነው የሚጀምረው፣ ዛሬውኑ የጆሮ መሰኪያ ግዢ። ሂሳቡ እንዲህ ነው፣ 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ላይ 8 ሰዓት መቆየት ትችያለሽ ይባላል፣ ከዛ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2፣ እንዲህ እያለ 100 ላይ ሲደርስ ሩብ ሰዓት ብቻ። በጠባብ ክፍል ውስጥ ድራም ደግሞ 100ን በቀላሉ ያልፋል። «ዘ ሁው» የሚባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ጊታሪስት ፒት ታውንሸንድ በጆሮ መጮህ ስንት ዓመት እንደተሰቃየ ራሱ ሲናገር ኖሯል፣ የሮክ ባንዱ የኤሲዲሲ ዘፋኝ ብራያን ጆንሰን በ2016 ጆሮው ሊጠፋ ነው ተብሎ ከቱር አቋርጦ ወጥቷል። ጥጥ ብቻ መወተፍ አይበቃም፣ ጥጥ ያሳስታል።

ሽማግሌው ከሰበታ፦

ልጄ፣ ሐኪም አይቶታል፣ የሞተው አይመለስም ብሎኛል፣ የቀረውን ጠብቅ ነው ያለኝ። አንቺ ልጁ የሚልሽን ስሚ፣ በኛ ጊዜ ይሄን የሚነግረን አልነበረም፣ ጆሮው የሚጮህ ሰው ጎበዝ ሙዚቀኛ ነው የሚባለው።

በኪቦርዱ ነገር ደግሞ ተናግረሻል፣ ድስት በማንኪያ መምታትሽን ወድጄዋለሁ። ግን አልተለወጥኩም። ያ ሳጥን ስትደክሚ አብሮሽ አይደክምም፣ ስትቸኩዪ አይቸኩልም፣ ዘፋኙ ሲያለቅስ ዝም ብሎ ይመታል። ከበሮ መቺ ዞር ብሎ ያይሻል። ከእንግዲህ በዚህ ካላመንሽኝ ከድራም ላይ ተነሺ ነው የምልሽ ሃሃ።

ኮተቤ ልጅ፦

ጋሼ እኔ የተናገርኩትን አያንብቡት እባክዎ። ጥያቄ አለኝ ግን፣ ያኔ ሰዓት እላፊ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወቱ ሂሳብ እንዴት ነበር? ለተጨማሪ ሰዓት ይከፈላችሁ ነበር?

ሽማግሌው ከሰበታ፦

አይከፈልም። ንጋት ላይ ሾርባ ይሰጡን ነበር።

ዲምቱ ሪፍ፦

በጣም አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ሁላችሁም። ብቻህን መሆንህ ነው ያሉኝን ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ «እኔ ይሄን ስልህ አልነበረም?» አለችኝ፣ እኔ ትዝ አይለኝም ግን ትክክል ሳትሆን አትቀርም። ለልጁ አምፑን እንደማልሸጥለት ነግሬዋለሁ፣ አኩርፏል።

አሁን ተግባራዊ ጥያቄ። ብሎካችን ኮሚናል አለው፣ የዕድሩ ወንበርና ድንኳን ነው የሚቀመጥበት፣ ሊቀመንበሩን ጠይቄያቸው ቅዳሜ ከሰዓት ለቅሶ ከሌለ ተጠቀም፣ ሌሊት ግን የለም ብለዋል። ድራመሯ፣ ለገጣፎ ሩቅ መሆኑን አውቃለሁ ግን ድራሙን ሳታመጪ ዱላሽንና ስኔርሽን (ትንሿን ከበሮ) ብቻ ይዘሽ ብትመጪ የትራንስፖርት እኔ እችላለሁ። ቤዝ ብቻ፣ አንተስ? አንድ ችግር ኮሚናሉ ውስጥ መብራቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የኔ አምፕ ባለ ቲዩብ (በመስታወት ቱቦ የሚሠራ) ነው፣ ስታቢላይዘር ሳልገዛ ብሰካው ምን ይሆናል?

ቤዝ ብቻ፦

ሳትገዛ እንዳትሰካው። ለቲዩቡ ብቻ አይደለም፣ ትራንስፎርመሩን ካቃጠልክ የሚጠግነው ሰው ማግኘት አበሳ ነው። የአምፑን ዋት ከጀርባው አንብብና ጻፍልኝ፣ ከሱ እጥፍ በላይ የሚችል ነው የሚያስፈልግህ፣ ሲነሳ ብዙ ይስባል። እኔ ቅዳሜ እስከ 8 ሰዓት ሥራ አለኝ፣ ከጀሞ ቱሉ ዲምቱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ራስህ ታውቀዋለህ፣ 10 ሰዓት በለው።

ድራመሯ፦

እመጣለሁ። ስኔሩ ግን ከባድ ነው ታክሲ ላይ የሁለት ሰው ሂሳብ ነው የሚያስከፍሉኝ፣ እንዳትረሳ።